የእድር ደብተር ያወቃት ሚስት፦ «ሳይጋቡ ለሚኖሩ ውል ምን ይሠራል?» ላሉት ጸሐፊ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። ሁለቱ «እውነቱን ነው» ብለው፤ አንዷ ደግሞ «አንተ እስቲ መልስለት» ብላ።

ጽሑፉ ሳይጋቡ አብረው ስለሚኖሩ ጥንዶች ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ስለ ንብረታቸው ውል ተጽፎላቸው መፈራረማቸው ከንቱ ድካም ነው ይላል። ስድስት ምክንያት ይደረድራል። ሕጉ አያውቃቸውም። ስድስት ወር አብሮ የኖረ ያለ ውልም ንብረት ይካፈላል። ውል የፈረንጅ ነገር ነው። ውል ለሀብታም ነው። ውል ሴቷን ይጎዳል። በመጨረሻም፣ ከመዋዋል መጋባት ይቀላል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ግን ጨዋ ናቸው፤ ማንንም አልሰደቡም። እኔም ሳልቆጣ ልመልስ።

መጀመሪያ ማን ነህ ለምትሉኝ፦ ጠበቃ አይደለሁም። ለአሥራ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት በር አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ራፖር ጸሐፊ የሚሉን እኛን ነው። የቤተሰብ ጉዳይ የያዘ ሰው ዳኛ ፊት ከመቆሙ በፊት እኛ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። አንዳንዱ ለንስሐ አባቱ ያልነገረውን ሁሉ ይዘረግፋል። ስለዚህ የምጽፈው ከሕጉ ያነበብኩትንና በርጩማው ላይ የሰማሁትን ነው።

«ሕጉ አያውቃቸውም»

ያውቃቸዋል። ስም ሁሉ አውጥቶላቸዋል፦ «ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር»። ረጅም ስም ነው፤ ሕግ አጭር ስም አይሆንለትም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከአንቀጽ 98 ጀምሮ ስለነሱ ነው የሚያወራው። የወንድና የሴት ኑሮ የባልና ሚስት ኑሮ ከመሰለ ይበቃል ይላል። ለሰው «ባለቤቴ» ተባብለው መተዋወቅ እንኳ አይጠበቅባቸውም። በሌላ በኩል፣ መገናኘት ብቻውን፣ ቢደጋገምም፣ ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቀውም፣ አብሮ መኖር አይባልም።

በዚህ ኑሮ ውስጥ የተጸነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ አብሮ የሚኖረው ሰው ነው ተብሎ ይቆጠራል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው ብሏል። የማይታወቅ ነገር እንዲህ አይደረግለትም።

አዋጁ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን የሚመለከት ነው። ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ባሕር ዳር ወይም አዳማ ያላችሁ እዚያው አስጠይቁ።

አንድ ነገር ላይ ግን ጸሐፊው ሳያስቡት እውነት ነክተዋል። ሕጉ ያውቃቸዋል፤ ቢሮው አያውቃቸውም። ወሳኝ ኩነት ሄዶ የ«ያላገባ» ማስረጃ የጠየቀ ሰው፣ ቤቱ ውስጥ ስምንት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ብትኖርም ወረቀቱን ያገኛል። አልዋሸም፤ አላገባማ። ባለትዳር ቤት ሲሸጥ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ይጠየቃል። እሱ ግን «ያላገባ» የምትለዋን ወረቀት ይዞ ውልና ማስረጃ ይገባል፤ ሸጦ ይወጣል። እሷ የምትሰማው ገዢው ቤቱን ሊረከብ ሲመጣ ነው። ታዲያ ይህ ቀዳዳ እያለ «ወረቀት ምን ይሠራል» ማለት ምን ማለት ነው? ቀዳዳውን የሚደፍነው ዋናው ነገር ካርታው ላይ ሁለት ስም ማስጻፍ ነው። እሱ ካልተቻለ የተመዘገበ ውል ይኑር። እሷ ወሬውን ከሰማች ቢያንስ ፍርድ ቤት ሮጣ እግድ ስትጠይቅ የምታሳየው ነገር ይኖራታል።

«ስድስት ወር አብሮ የኖረ ይካፈላል»

ከላይ «ሕጉ አያውቃቸውም» ብለው፣ ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብለው «ሕጉ ያካፍላቸዋል» አሉ። አንዱን ይምረጡ ልል ነበር፤ ግን ሁለቱም ስህተት ስለሆነ የሚመረጥ የለም።

ይቺን የስድስት ወር ነገር በርጩማው ላይ የሰማሁት መቶ ጊዜ ነው። ከየት እንደመጣች ግምት አለኝ። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ወንዱ አብራው የምትኖረውን ሴት ሲተዋት፣ ዳኛው ተገቢ መስሎ ከታየው ቢበዛ የስድስት ወር ቀለብ ሊያስከፍለው ይችል ነበር። ሰው «ስድስት ወር» የሚለውን ያዘ፣ ሌላውን ረሳ። ቀለብ ንብረት ሆነ፣ «ቢበዛ» የምትለዋ ቃል ወደቀች። ወሬ እንዲህ ነው የሚያድገው።

አሁን ያለው ሕግ የሚለው ሦስት ዓመት ነው። አብሮ መኖሩ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከቆየ፣ በዚያ ጊዜ ሁለቱ በየግል ጥረታቸው ያገኙት ገቢና በዚያ ገቢ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል። አንቀጽ 102 ነው። ሁለት ዓመት ከአሥር ወር ከሆነስ? እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው የሚፈነዳው።

ጋብቻ ቀን አለው። ድግስ አለው፣ ፎቶ አለው፣ ፊርማ አለው። አብሮ መኖር ግን መቼ ይጀምራል? አንዷን ልጅ ለማመልከቻው ስል ጠየቅኳት።

«አብራችሁ መኖር የጀመራችሁት መቼ ነው?»

«መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር።»

«እሺ።»

«ከዚያ ልብሱን አመጣ።»

«እሺ።»

«ከዚያ ቴሌቪዥኑን አመጣ።»

ልብሱ በመጣበት ቀን ብንቆጥር ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ይሆናል። ቴሌቪዥኑ በመጣበት ብንቆጥር ሦስት ዓመት አይሞላም። የእሱ ጠበቃ በቴሌቪዥኑ ያዘ። እሷ በልብሱ። ጎረቤት ለምስክርነት ተጠራ፤ አንዱ ጎረቤት ቴሌቪዥኑን ሲያስገቡ አግዞ ነበርና ቀኑን ያስታውሳል። የልብሱን ሻንጣ ያየ ሰው የለም።

አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ! «እኛ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ አብረን እየኖርን ነው» የምትል አንዲት መስመር፣ ሁለት ፊርማ፣ ምስክሮች። ጸሐፊው «ያለ ውልም ይካፈላሉ» ሲሉ የዘለሉት ይህንን ነው። ሕጉ መብት ይሰጣል። ማስረጃ ግን አይሰጥም፤ እሱን ይዘህ የምትመጣው አንተ ነህ።

የሰፈሬን ሴትዮ ታሪክ እዚህ ላይ ላምጣው። ስሟን አልጠራም። አንድ ሰው በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ነበር፤ ዕጣ ወጣለት። ቅድመ ክፍያውን ከፈለ፣ ገባ። ዓመት ሳይሞላው እሷ መጣች። ስድስት ዓመት አብረው ኖሩ። እሷ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። የባንኩን ወርሃዊ ዕዳ፣ 1,870 ብር፣ የምትከፍለው እሷ ነበረች። በጥሬ ብር፣ በእሱ ደብተር፣ በእሱ ስም። 72 ወር። ስታስሉት 134,640 ብር ነው። ደረሰኙ ሁሉ የሱን ስም ይላል።

ሰውዬው ድንገት ሞተ። ልጅ አልወለዱም። ከአርባው በኋላ ወንድሞቹ የወራሽነት ማስረጃ አወጡ፤ የበሩን ቁልፍ ቀየሩት። ፍርድ ቤት ስትከስ ምን ብለው መለሱ? «የቤት ሠራተኛው ነበረች።»

ስድስት ዓመት ሙሉ በር ላይ «ደህና አደርሽ የኔ እህት» ሲሏት የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ያዳናት የእድር ደብተር ነው። የእድሩ ጸሐፊ፣ ጡረተኛ መምህር፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ቀረበ። አምስት ዓመት ወደ ኋላ ገልጦ አሳየ፤ በሰማያዊ ቢክ ከሟቹ ስም ጎን «ባለቤት» ተብሎ የሷ ስም ተጽፏል። የእናቷ ለቅሶ ላይ ድንኳን የተተከለላት በዚያ መስመር ነው። ሠራተኛ አለመሆኗ ታወቀ፤ አብሮ መኖሩ ተረጋገጠ። ቤቱ ግን ሌላ ክርክር ነው። ዕጣው እሷ ሳትመጣ የወጣ፣ ቅድመ ክፍያው የሱ፣ ደረሰኙ በሱ ስም። ሁለት ዓመት ተመላልሳ በመጨረሻ በሽማግሌ ጨረሱት። የቤቱን ሩብ የማይሞላ ገንዘብ ይዛ ወጣች።

እድር ለቀብር የተቋቋመ ነገር ነው። ለንብረት ክርክር መድረሱ የሷ ዕድል ነው እንጂ የደብተሩ ሥራ አይደለም። የዕዳውን ክፍያ ማን እንደሚከፍል የሚል አንድ ገጽ ወረቀት በመካከላቸው ቢኖር፣ ሟቹም ቢሆን በሕይወቱ ይፈርምላት ነበር ብዬ አምናለሁ። ደግ ሰው ነበር። ሁለቱም ያላሰቡት ነገር ሆነ እንጂ።

«ውል የፈረንጅ ነገር ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ሳቅሁ። በአማርኛ «ሰማንያ» ማለት ምን ማለት ነው? ቃሉ ከየት መጣ የሚለውን ለሊቃውንት እንተወውና፣ ሰማንያ ወረቀቱም ነው፣ ጋብቻውም ነው። «የሰማንያ ሚስቱ ናት» እንላለን፣ «ሰማንያቸውን ቀደዱ» እንላለን። ጋብቻ በወረቀት ስም የሚጠራበት አገር ተቀምጠን፣ ፍቅርን ከወረቀት ጋር ማገናኘት ፈረንጅ አመጣብን ማለት አይከብድም? በገጠር ሠርግ ላይ ሽማግሌ ተቀምጦ የሱ በሬ ስንት፣ የሷ ላም ስንት፣ እየተባለ ይቆጠርና ይጻፍ የለም እንዴ? ዋስ ይጠራ የለም እንዴ? ማንም «አትተማመኑም ወይ» አላላቸውም።

ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ የደመወዝ ጋብቻ ነው። ነጋዴ ሩቅ አገር ሲሄድ፣ ወታደር ሲዘምት፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በተወሰነ ክፍያ፣ ምስክር ባለበት ሴት ይይዝ ነበር። ያ ይመለስ እያልኩ አይደለም፤ ሴቷን ከሠራተኛ ብዙም የማይለይ ነገር ነበር። ግን ሰማንያ ያልታሰረለት ኑሮ በውል መመራቱ አያቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው። ያልነበረው ዝምታው ነው። አሁን ያለው አብሮ መኖር ሰማንያም የለው፣ ደመወዝም የለው፣ ሽማግሌም የለው። ሻንጣና ቴሌቪዥን ብቻ።

«ውል ለሀብታም ነው»

ሀብታምማ ጠበቃ አለው። አንድ ቤት፣ አንድ ባጃጅ፣ አንድ ዕቁብ ያለው ሰው ነው አንዱን ሲያጣ ሁሉንም የሚያጣ። በርጩማዬ ላይ የተቀመጡት ሁሉ እንዲህ ያሉ ናቸው። ስለዚህኛው ነጥብ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም።

«ውል ሴቷን ይጎዳል»

ይህ የጸሐፊው ጠንካራ ነጥብ ነው። በተለይ እኔ ልክደው አልችልም።

አንድ ቀን ጎልማሳ ሰውዬ መጣ፤ ከኋላው ወጣት ሴት አለች። ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። በእጁ የጻፈው ነው። «ከእኔ ጋር በምትኖርበት ጊዜ ምንም ዓይነት የንብረት ጥያቄ እንደማይኖራት» ይላል። «አስተካክለህ ጻፍልኝ» አለኝ። ልጅቱን ቀና ብዬ አየኋት። የጫማዋን አፍንጫ ታያለች። «ተስማምተሻል?» አልኳት። «እሱ ካለ» አለች። ጻፍኩት። 150 ብር ተቀበልኩ። እስካሁን ስለዚያ ወረቀት ደስ አይለኝም።

ስለዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ጉልበት ያለው ወገን ውልን ዱላ ሊያደርገው ይችላል። ግን ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ አልጠየቁም። ውል በሌለበትስ ማን ነው የሚያሸንፈው? ካርታው በስሙ የሆነ፣ ሊብሬው በስሙ የሆነ፣ ደረሰኙ በስሙ የሆነ። ያው ሰውዬ ነው። ወረቀት አለመኖሩ ልጅቱን አያድናትም። የሚያድናት ወረቀቱ ላይ ሌላ ነገር መጻፉ ነው።

ደግሞ ቤት ያለው ሁልጊዜ ወንዱ ነው ያለው ማን ነው? በኮንዶሚኒየሙ ፕሮግራም 30 በመቶው ለሴቶች የተለየ ነበር። ብቻዋን ተመዝግባ፣ ከደመወዟ ቆጥባ፣ ዕጣ የወጣላት ሴት ቀላል አይደለችም። አብሯት የሚኖረው ሰው ሴራሚክ አስነጠፈ፣ ቁም ሣጥን አሠራ፣ የሁለት ዓመት ዕዳ ከፈለ። ሲለያዩ «ግማሹ የኔ ነው» ይላል። እሷ «ሰባራ ሳንቲም የለህም» ትላለች። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ውል ቢኖር ቤቱ የሷ መሆኑ ተጽፎ፣ እሱ ያወጣው ደግሞ በብር ተቆጥሮ ይቀመጥ ነበር።

እንግዲህ ለሴትም ለወንድም፣ ሊፈርም ለተጠራ ሰው የምለው ይኼ ነው። ባሳዩህ ቀን አትፈርም። ወረቀቱን ይዘህ ሂድ፣ ለራስህ ሰው አሳይ። አቅም ለሌላት ሴት የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ፤ የየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥበት ቦታ አለው። ለጋብቻ ውል ሕጉ አራት ምስክር ይጠይቃል፣ ሁለት በሱ በኩል፣ ሁለት በሷ በኩል። አብሮ ለመኖር ውልም ያንኑ ብትከተሉ አይጎዳችሁም። አራቱም የሱ ጓደኞች ከሆኑ እዚያው ላይ ጠርጥሩ። ቤት የሚነካ ነገር ካለበት ደግሞ የቤት ጉዳይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አስመዝግቡት። በሶፋ ላይ ተፈርሞ መሳቢያ የገባ ወረቀት ቀኑ ሲደርስ ያሳፍራል።

ጸሐፊው በዚሁ ነጥብ ሥር «ነገ ደግሞ ልጁ የማን ይሁን ብለው ይዋዋላሉ» ብለው አሹፈዋል። ሹፈቱ ተገቢ ነው። ሰዎች እንዲህ ዓይነት ነገር ያጽፋሉ። ልጅ ከማን ጋር ይኑር የሚለውን የሚወስነው ለልጁ የሚበጀውን የሚያይ ዳኛ ነው፤ ወላጆች ገና ሳይወለድ የተፈራረሙት ወረቀት አያስረውም። «ጥሎ የሄደ 200 ሺህ ብር ይቀጣል» የሚልም አይቻለሁ። አብሮ መኖርን ማንኛውም ወገን በፈለገ ጊዜ ማቆም ይችላል፤ በቅጣት ሰውን ቤት ውስጥ ማቆየት አይቻልም። ሌላ ሚስት ወይም ባል ያለው ሰውም እንዲህ ባለ ውል ነገሩን አያጸዳውም። የመጀመሪያዋ ሚስት ድርሻ በሁለተኛዋ ፊርማ አይጠፋም።

ታዲያ ምን ይጻፍ? ቀኑ። ማን ምን ይዞ እንደገባ። ኪራዩን፣ የቤት ዕዳውን ማን እንደሚከፍልና እንዴት እንደሚቆጠር። ለቤት ኪራይ የተያዘው ቀብድ የማን እንደሆነ። አብረው የሚጥሉት ዕቁብ ሲወጣ የማን እንደሆነ። ሲለያዩ ማን እንደሚለቅና ስንት ጊዜ እንደሚሰጠው። ክፍያው ደግሞ በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፤ ምክንያት የምትለዋ ቦታ ላይ «ለቤት ዕዳ» ብላችሁ ጻፉ። ያቺ ሴትዮ 72 ጊዜ በጥሬ ብር ባትከፍል ኖሮ!

«ከመዋዋል መጋባት ይቀላል»

ለብዙ ሰው ይቀላል፣ አዎ። እኔም ያገባሁ ሰው ነኝ። ክብር መዝገብ ሄዶ መፈረም ሠርግ መደገስ አይደለም፤ ይህንን ያልተረዱ ጥንዶች አሉና ምክራቸው ለነዚያ ይድረስ። ግን አብሮ የሚኖር ሁሉ ሰነፍ ወይም ፈሪ አይደለም። የድሮ ጋብቻው በፍርድ ቤት ሳይቋጭ የቀረ አለ። የቤተሰብ ሃይማኖት አልገጥም ያለው አለ። ባሏ የሞተባትና ልጆቿ «እንዳታገቢ» ያሏት እናት አለች። እነዚህን «ተጋቡ» ብሎ ማሰናበት፣ ዝናብ ላይ የቆመን ሰው «ቤት ሥራ» እንደማለት ነው። ይሠራ ይሆናል። እስከዚያው ጃንጥላ ይፈልጋል።

ደግሞ ጸሐፊው «ከተጋቡ አንዱ ሲሞት ሌላው ይወርሳል፣ አለቀ» ብለዋል። ይህ ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛው መስመር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም! ሚስት ከጋራው ንብረት ግማሹን ትወስዳለች፣ እሱ ቀድሞም የሷ ነው። የሟቹ ድርሻ ግን የሚሄደው ለልጆቹ ነው፤ ልጅ ከሌለ ለወላጆቹ፣ እነሱም ከሌሉ ለወንድምና እህቶቹ። ይህንን ስነግራቸው ሃያ ዓመት በትዳር የኖሩ ሰዎች ክው ይላሉ። ስለዚህ ያገባም ያላገባም፣ ለጓደኛው ማውረስ የፈለገ ኑዛዜ ይጻፍ። ሙሉ በሙሉ በራስ እጅ መጻፍ ይቻላል፤ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ይባልበት፣ ቀን ይኑረው፣ ይፈረም። በሌላ ሰው እጅ ከተጻፈ ግን አራት ምስክር ባለበት መነበብ አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል የሚያዋውል ሹም ከሆነ ሁለት ይበቃሉ።

ውል የተፈራረሙ ጥንዶች ኋላ ቢጋቡስ? በጎ ነው። ያንን ውል በጋብቻቸው ቀን ወይም ከዚያ በፊት ወደ ጋብቻ ውል ያዙሩት። ከተጋቡ በኋላ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚዋዋሉት ነገር ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ይህቺን ሰው አያውቃትም።

ውጭ ላላችሁ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ጸሐፊው «በአሜሪካ ሰባት ዓመት የኖረ እንደ ተጋባ ይቆጠራል» ብለዋልና። የሰባት ዓመቷም የስድስት ወሯ እህት ናት። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ያለ ወረቀት ጋብቻ ሊመሠረት ይችላል። የዓመት ቁጥር የለውም፤ ሁለቱ «ከዛሬ ጀምሮ ባልና ሚስት ነን» ብለው መስማማታቸውና እንደዚያው መኖራቸው ነው የሚታየው። ጆርጂያ አቬኑን ይዛችሁ ወደ ላይ ስትሄዱ፣ ኢስተርን አቬኑን ከተሻገራችሁ ሜሪላንድ ናችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ተከራይታችሁ አሥራ አምስት ዓመት ብትኖሩ በመኖር ብቻ ባልና ሚስት አትሆኑም። ቨርጂኒያም እንደዚያው። ስዊድን ያላችሁ ደግሞ ለጋራ ኑሮ የተገዛው ቤትና የቤት ዕቃ ሲለያዩ ይካፈላል፤ የባንክ ቁጠባ ግን እዚያ ውስጥ የለም፤ ይህም በጽሑፍ ስምምነት ሊቀር ይችላል። ሲሞቱም በሕግ አይወራረሱም። የአንዱን አገር ወሬ ይዞ ሌላው አገር መኖር ያስከፍላል።

ባለፈው ወር ሁለት ልጆች መጡ። እሱ የሞተር ጥገና ሠራተኛ፣ እሷ ክሊኒክ የምትሠራ። «ውል ጻፍልን» አሉ፤ የሱ አጎት ነው የላካቸው። ቀኑን ጠየቅኳቸው። «መስከረም» አለ። «ሐምሌ» አለች። ተያዩ። «ሐምሌ ላይ እኮ ያንተ ዕቃ ጠቅላላ እኔ ቤት ነበር» አለች። ራሱን አከከ፤ «ሐምሌ ይሁን» አለ።

ዕቃ መዘርዘር ጀመርን። ፍሪጁ የሱ፣ ደረሰኝ አለው። አልጋው የሷ። ሶፋው በጋራ፣ ሲለያዩ የሚፈልገው ሰው ለሌላው ግማሹን ይከፍላል። የሞተሩ መፍቻ ሳጥን የሱ። ሁሉም በሰላም ሄደ። ምጣዱ ጋ ስንደርስ ግን ሁለቱም እኩል «የኔ» አሉ። እሱ የገዛበትን ቀን ይናገራል፤ እሷ ያስጠገነችበትን። ብዕሬን አስቀምጬ ጠበቅኩ። በመጨረሻ እሷ ስልኳን አውጥታ ለእናቷ ደወለች፣ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እማዬ፣ ምጣዱ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ! መቼ ልትመልሱት ነው?»

እንደሰማሁት ጻፍኩት፦ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የእናትየዋ፣ በውሰት።